«አንሉሰን» ማጥበቅ ማለት አይደለም

«በእንግሊዝኛ ‹አን› (un-) አፍራሽ ባዕድ መነሻ ስለሆነች፣ ‹ሉሰን› (loosen) ማላላት ከሆነ ‹አንሉሰን› (unloosen) ማጥበቅ ነው» የሚለው አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ሲሰሙት ያሳምናል፤ ግን ስህተት ነው። ሁለቱም ማላላት፣ መፍታት ማለት ናቸው። «አን» እዚህ የገባችው የመፍታቱን ሐሳብ ለማጉላት እንጂ ለመገልበጥ አይደለም።

በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ማርቆስ 1፥7ን ይመልከቱ፤ የጫማ ጠፍር ስለመፍታት የተጻፈው ግሥ የ«አንሉሰን» አቻ የሆነው «አንሉስ» (unloose) ነው። ማጥበቅ ብለው ቢያነቡት ቃሉ ትርጉም ያጣል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መመሪያ ላይ «አንሉሰን» ካዩ፣ የተለመደውን ባለ ቀኝ ጥርስ ብሎን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ያዙሩት። የጠበቀውን ይበልጥ ካጠበቁት ጥርሱ ይላጣል፣ ወይም አንገቱ ተበጥሶ ጉቶው ውስጥ ይቀራል።