በግማሽ ዓይን ለሚያዩ ወገኖች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው እሁድ የአክስቴ ልጅ ተከታታይ ፊልም ሲያይ አየሁት። ማየት ከተባለ። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊቱ ነው፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። በየሁለት ደቂቃው ቀና ይልና «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል። ማስረዳት ስትጀምሩ ተመልሶ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ እናንተው ናችሁ።

ልወቅሰው ግን አልተነሳሁም። ድሮ ሰው ለአንድ ፊልም ሁለት ዓይን ሙሉ ያባክን ነበር። ዛሬ ግማሽ ዓይን ይበቃል፤ የቀረው ለቲክቶክ ነው። ቁጠባ ማለት ይሄ ነው።

ያየነው (ሁላችንንም ልቁጠር) «ፖሊስ ስኳድ!» የሚባለውን ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኤቢሲ የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ያሳየው የመርማሪ ፖሊስ ኮሜዲ ነው። ሌዝሊ ኒልሰን ፊቱን ኮስተር አድርጎ የቂል ወሬ የሚያወራ መርማሪ ሆኖ ይሠራል። ዕድሜው ስድስት ክፍል ብቻ ነው። አራቱ በማርች ታዩ፣ ተሰረዘ፣ የተረፉትን ሁለቱን በጁላይ ለቀቋቸውና አለቀ።

ለምን ተሰረዘ? አንድ የጣቢያው ኃላፊ የሰጠው ምክንያት፣ ፕሮግራሙን ለመውደድ ተመልካቹ የግድ ማየት አለበት የሚል ነበር። አልቀለድኩም። እውነትም ቀልዱ ጥግ ላይ፣ ከሰዎቹ ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ ነው። የት ጋ እንደሚሳቅ የሚጠቁም የተቀረጸ ሳቅ እንኳ የለውም። በየክፍሉ መግቢያ ላይ አንድ ታዋቂ ተዋናይ «ልዩ እንግዳ» ተብሎ ይተዋወቅና እዚያው ይገደላል። በቃ፣ ተመልሶ አይመጣም። ያን ጊዜ ካቀረቀርክ አመለጠህ።

ኃላፊው ነቢይ ነበር እኮ! ስማርትፎን ሳይፈጠር የአክስቴን ልጅ ከሩቅ አይቶታል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። የድሮ የፖሊስ ፊልሞች ሲያልቁ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና ስም ዝርዝሩ ይመጣል። እነዚህ ግን ምስሉን አላቆሙትም፤ ተዋናዮቹ ራሳቸው እንደ ሐውልት ደርቀው ይቆማሉ። አንዱ ቡና እየቀዳ ነበር የደረቀው። ስኒው ሞላ። ቡናው ግን መውረዱን አላቆመም።

የአክስቴ ልጅ በዚህች ቅጽበት ቀና አለ። «ስታክ አደረገ!» ተነስቶ ዋይፋዩን ነቀለ። ሰካ። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ቆሞ ጠበቀ። ድጋሚ ከፈትነው፣ ሰዎቹ ድጋሚ ደረቁ። ድጋሚ ነቀለ። ጎረቤት ደወለ፤ «የእናንተስ ቆሟል?» አልቆመም አሉት። ወንበር ላይ ወጥቶ ገመዱን ነካካ። ሬሞቱን ጭኑ ላይ መታ መታ አደረገ፣ ባትሪውን አውጥቶ አሽቶ መለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነቅል «ቡናው እኮ እየፈሰሰ ነው፣ የቆመ ነገር የለም» አልኩት። «እሱማ ድምፁ ነው የሚቀድመው» አለኝ። ይሄን መልስ እስካሁን እያሰላሰልኩት ነው።

ሲጨርስ ፍርዱን ሰጠ። «ደባሪ ነው።»

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ደባሪ ለማለት መጀመሪያ እይ! ሰው አንዲት የሦስት ሰከንድ ቀልድ ለመሥራት ስንት ቀን ይለፋል። አንተ አቀርቅረህ አሳለፍካትና ዳኛ ሆንክ። ያላየኸውን ነገር መጥላት መብት ሳይሆን ድፍረት ነው። ይሄ ነገር ያናድደኛል!

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ያው መርማሪ፣ በያው ተዋናይ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. «ዘ ኔክድ ገን» ተብሎ ሲኒማ ገባ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። በ1991 እና በ1994 ተከታዮቹ መጡ። ምሥጢሩ ምን ይሆን? ሲኒማ ቤት መብራት ያጠፋሉ። ሌላ የሚታይ ነገር የለማ! እንዲህ ያለ ጭቆና ዛሬ ቀርቷል፤ ጨለማ ውስጥ የስልካችሁን መብራት ፊታችን ላይ የምታበሩልን ጀግኖች ክበሩልን።

ከቤታችን ፊልሙን ያየችው እናቴ ብቻ ናት። እንግሊዝኛ አትችልም። ስልኳ ኩሽና ቻርጅ ላይ ነበር። «ያን የደረቀውን ሰውዬ ድገምልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች «ኧረ ቡናው ፈሰሰ!» ብላ ጮኸች።

የአክስቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ ረከቦቱን አየ።