የተደፈነው መስኮት ይከፈት ወይስ ይቆይ?

ክርክሩ ስለ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ነው። ታችኛው ፎቅ በእጅ በተመታ፣ ልኩ ወጣ ገባ በሆነ ጡብ ተሠርቷል። ላይኛው በኋላ የተጨመረ ነው፤ ጡቡ የማሽን ነው። ፊት ለፊት አንድ መስኮት በጡብ ተደፍኗል። የግድግዳው ግርጌ እስከ ወገብ ድረስ በሲሚንቶ ተለስኗል። ባለቤቶቹ ሊያድሱት ነው። አንድ ወጣት አርክቴክት “ወደ መጀመሪያ መልኩ ይመለስ” ይላል። ዕድሜውን ከጡብ ጋር የጨረሰ ግንበኛ ደግሞ “እንዳለ ይቆይ” ባይ ነው።

አርክቴክቱ፦ ጋሼ፣ ይህን ቤት መጀመሪያ ያሰበው ሰው ነበር። ታችኛውን ፎቅ ጠጋ ብለው ይዩት። በየረድፉ አንዱ ጡብ በርዝመቱ፣ ቀጣዩ በጫፉ እየተፈራረቀ ነው የሄደው። ፍሌሚሽ የሚባለው አደራደር ማለት ነው። ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በጫፉ የገባው ጡብ የግድግዳውን ፊትና ጀርባ ያስራል። ወደ ላይ ቀና ሲሉስ? ሁሉም በርዝመቱ ብቻ! ሌላ ሰው፣ ሌላ ዘመን፣ ሌላ ሐሳብ። ላይኛው ይነሳ፣ መስኮቱም ይከፈት ነው የምለው። ፈረንሳዊው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ የፓሪሱን ኖትርዳም ካቴድራል ሲያድስ የድሮው ማማ ከወረደ ብዙ አስርት ዓመታት አልፈው ነበር። እሱ ግን አልፈራም፤ እ.ኤ.አ. በ1859 በራሱ ንድፍ አዲስ ማማ ተከለ። ዛሬ ኖትርዳምን ያለዚያ ማማ የሚያስብ ማን አለ?

ግንበኛው፦ ልጄ፣ ራስህ መለስክልኝ እኮ። ያ ማማ እ.ኤ.አ. በ2019 ተቃጠለ። መልሰው ሲሠሩት የትኛውን ሠሩ? የመካከለኛውን ዘመን አይደለም፤ የዚያኑ የቪዮሌን ነው። የትናንቱ ጭማሪ ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ የእኛ ቤት ላይኛው ፎቅ ምን በደለ? እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ያ ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድም ቢሆን የየዘመኑ አሻራ ይከበር፣ ግምት ከተጀመረ ጥገናው ይቁም ነው የሚለው። አንተ ደግሞ መስኮቱ ምን ዓይነት እንደነበር ገምተህ ልትሠራ ነው።

አርክቴክቱ፦ መስኮቱማ ግልጽ ነው። ሰው ወዶ ብርሃኑን አይደፍንም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 የመስኮት ግብር ነበር። ግብሩን የፈራ መስኮቱን በጡብ ዘጋ። ግብሩ ቀረ፣ ጨለማው ቆየ። የችግር ጊዜን ጠባሳ እንደ ቅርስ ታቅፈን እንኑር?

ግንበኛው፦ ግብር ካነሳህ የጡብም ግብር ነበር፤ እዚያው አገር፣ እ.ኤ.አ. ከ1784 እስከ 1850። የሚከፈለው በቁጥር ነበርና ሰው ብልጥ ሆኖ ጡቡን አተለቀው። መንግሥትም ነቄ ብሎ በትልቁ ላይ ጨመረበት። ይሄ ሁሉ ታሪክ ያለው ግድግዳው ላይ ነው፤ ሜትር ይዘህ ጡቡን ስትለካ ታገኘዋለህ። ጥለኸው ስታበቃ ምኑን ትለካለህ?

ደግሞ የተደፈነ ሁሉ መስኮት ነበር ያለህ ማነው? ብዙ ቤት ሲሠራ ጀምሮ ለሚዛን ሲባል የውሸት መስኮት ይደረግለታል። በሁለቱ ጎን ያለውን መገጣጠሚያ እይ። የደፈነው ጡብ ከግድግዳው ጡብ ጋር እንደ ጥርስ ተነካክሶ ከገባ፣ ብዙ ጊዜ አብሮ የተሠራ ነው። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ካየህ ያኔ በኋላ ተደፍኖ ይሆናል።

አርክቴክቱ፦ እሺ፣ እሱን አላየሁም። ሲሚንቶውስ? እሱም የዘመን አሻራ ነው ሊሉኝ ነው?

ግንበኛው፦ እሱ ይነሳ! ጆሴፍ አስፕዲን የፖርትላንድ ሲሚንቶን ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ኖራ እንጂ ይሄን ሲሚንቶ አያውቅም። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ይተነፍሳል። ግድግዳው የጠጣው ውሃ በመገጣጠሚያው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ስታደርግበት ውሃው መውጫ ያጣና በጡቡ በኩል ይመጣል። ጨውና ውርጭ ሲጨመርበት የጡቡ ፊት እንደ ቅርፊት ይላጣል። ይሄን ከሰው አልሰማሁትም። በወጣትነቴ የአንድ አሮጌ ግድግዳ ፖይንቲንግ፣ ማለትም በጡቦቹ መሃል ያለውን መገጣጠሚያ፣ በሲሚንቶ ሞልቼ ተመስግኛለሁ። ከዓመታት በኋላ ባልፍበት የእኔ ሲሚንቶ እንደ መረብ ወጥቶ ቆሟል፤ በመሃሉ የነበረው ጡብ ረግፏል። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

አርክቴክቱ፦ ታዲያ እርስዎም መርጠው ነው የሚያነሱት። እኔ ሳነሳ ነው ጥፋት?

ግንበኛው፦ ጡቡን እየበላው ያለውን ነው የማነሳው። ላይኛው ፎቅ ማንን በላ?

አርክቴክቱ፦ ዓይኔን! (ልቀልድ ብዬ ነው።) ግን የምሬን፣ ያ የመጀመሪያው ሰው የሳለው ልክ አሁን አይታይም። ቤቱ ለሁለት ፎቅ አልታሰበም። ቁመቱና ስፋቱ አይመጣጠንም። ይህን ማየት የማይችል ተመልካች ምን ታሪክ ተነገረው?

ግንበኛው፦ ቤተሰቡ መብዛቱ ወይም ገንዘብ መገኘቱ ይነገረዋል። ለማንኛውም ላይኛውን ልታፈርስ ከሆነ እኔን አትጥራኝ። ለመስኮቱ ግን እመጣለሁ። መሮ ከማንሳትህ በፊት ከውስጥ በኩል ልስኑን አንድ ክንድ ያህል ላጥ አድርግና ጎኑን እንየው።

አርክቴክቱ፦ ቀጥ ያለ መስመር ካገኘሁ እከፍተዋለሁ።

ግንበኛው፦ ካገኘህ ክፈት። ጡቦቹን ግን ፎቶ አንስተህ፣ ቆጥረህ አስቀምጥልኝ።