ኮፍያዋን ደግማችሁ እዩት

ስፔናዊው ሰዓሊ ፒካሶ በ1937 እ.ኤ.አ. የሳላትን «የምታለቅሰው ሴት» የተባለች ስዕል፣ ስለሷ የጻፈ አንድ ጸሐፊ ዝም ብሎ የተበታተነ ፊት ናት ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። እስቲ መጀመሪያ ኮፍያዋን እዩት፣ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ አበባ ተሰክቶበታል፣ ጸጉሯም ተበጥሯል፣ ማለት ሴትየዋ ዘንጣ ከቤት የወጣች ነው የምትመስለው፣ ከዛ ወደ ታች ስትወርዱ ግን አፏና መሀረቧ ጋር ቀለሙ ነጭና ሰማያዊ ይሆንና ሁሉም ነገር እንደተሰበረ መስታወት ይሰነጣጠቃል። ለኔ የስዕሉ ትርጉም እዛ ላይ ነው ያለው። ፊቷ ከጎን አይኖቿ ከፊት የሚታዩትም ኩቢዝም (አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ በአንዴ የሚያሳይ የአሳሳል ስልት) ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ የሚያለቅስ ሰው ፊቱ አንድ ቦታ አይረጋም እኮ!

ሞዴሏ ፎቶግራፈሯ ዶራ ማር ናት፣ ፒካሶ በዛው ዓመት በቦምብ ስለተደበደበችው የስፔን ከተማ የሳለውን «ጌርኒካ» የተባለ ስዕል ሲስል ደረጃ በደረጃ ፎቶ ያነሳችው እሷ ነች፣ ይቺም ስዕል የመጣችው ከዛው ሀዘን ነው። የጌርኒካን ከተማ ከጀርመኖቹ ጋር ሆነው የደበደቡት ደግሞ የጣልያን አውሮፕላኖች ናቸው፣ ያው ከዛ በፊት እኛን በቦምብና በመርዝ ጋዝ የፈጀን የሙሶሊኒ ጦር ማለት ነው፣ ስለዚህ እኔ ይቺን ሴት እንደ ሩቅ ሀገር ሰው ማየት አልችልም። ስዕሏ የለንደኑ ቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናት፣ አጉልታችሁ መሀረቡን ተመልከቱት።