ፋኖስ ያዢው ሰውዬ

ትናንት ማታ አንድ የመርማሪ ልብወለድ ጨርሼ ተናድጄ ነው ያደርኩት። ቦታው ካልካታ፣ ጊዜው እንግሊዞች ህንድን የሚገዙበት። አስከሬን ይገኛል፣ እንግሊዛዊው ሻምበል ከች ይላል፣ ህንዳዊው ፖሊስ ደግሞ ፋኖስ ይዞ ከኋላ ከኋላው ይከተላል፣ ያስተረጉምለታል፣ ሻይ ያቀርብለታል፣ መጨረሻ ላይ «ጌታዬ፣ እንዴት ደረሱበት?» ብሎ ይደነቃል። በቃ። ኧረ ሰለቸኝ! ስንቱን አነበብኩ፣ ይሄ ሰውዬ ከፋኖሱ ሊላቀቅ አልቻለም።

የሚያበሽቀኝ እውነተኛው ታሪክ ከልብወለዱ መብለጡ ነው። በፈረንጆቹ 1890ዎቹ መጨረሻ፣ እዚያው ህንድ ጃልፓይጉሪ በሚባል ቦታ የአንድ ሻይ እርሻ ሥራ አስኪያጅ አልጋው ላይ ታርዶ ተገኘ። ገንዘቡም ተዘርፏል። በቤንጋሊኛ የታተመ የቀን መቁጠሪያ ሽፋን ላይ ግን ቡናማ የአውራ ጣት አሻራ ቀርታለች። ካልካታ ካለው የፖሊስ አሻራ መዝገብ ጋር ቢያስተያዩዋት፣ በስርቆት ታስሮ የነበረው የቀድሞ አገልጋዩ የካንጋሊ ቻራን ሆና ተገኘች! ፍርድ ቤቱ በስርቆቱ ፈረደበት። በግድያው ግን ነፃ ለቀቀው፣ በቂ ማስረጃ የለማ። ከዚህ በላይ ምን ልብወለድ አለ?

አሁን ያንን መዝገብ ማን እንዳደራጀው ስሙኝ። አሻራ መሰብሰቡማ ቀላል ነው። ጭንቁ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ የአንዱን ሰው መልሶ ማግኘቱ ላይ ነው። ይህን የፈቱት አዚዙል ሃቅ እና ሄም ቻንድራ ቦስ የሚባሉ ሁለት ህንዳውያን ፖሊሶች ናቸው። ሃቅ በሂሳብ ቀመር አሻራዎቹን 32 በ32፣ በድምሩ 1,024 ሳጥን ውስጥ ደለደላቸው። የዘዴው ስምስ? «የሄንሪ ዘዴ»! አለቃቸው ኤድዋርድ ሄንሪ ነበራ። ዘዴውን ይዞ ለንደን ገባ፣ በ1901 ስኮትላንድ ያርድ በሚባለው የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የአሻራ ክፍል ከፈተ፣ በ1903 የለንደን ፖሊስ አዛዥ ሆነ። ሁለቱ ፖሊሶች ማዕረግና የገንዘብ ሽልማት ያገኙት ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ያደርኩበት ሪፖርት በአለቃዬ ስም ሲቀርብ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ከሰው ጋር አጨብጭቤያለሁ። እጄ እስኪቀላ። በማግስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለችው ማሽን ላይ አውራ ጣቴን ሳስነካ ትዝ ያለኝ ሃቅ ነው።

እና እባካችሁ ደራስያን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ፋኖሱን ሻምበሉ ይያዘው። ሃቅን እዚያ 1,024 ሳጥን ፊት ወንበር ሰጥታችሁ አስቀምጡልኝ፣ ገዳዩን እሱ ይፈልገው።