በቁልቁለት ለሚያተርፉ ባለ መኪኖች የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ የቁልፍ ርክክብ በዝቷል። አይሱዙው ይታጠባል፣ ግንባሩ ላይ አበባና ሪባን ይታሰርለታል፣ ፈንዲሻ ይረጭለታል፣ ባለቤቱ ቤተሰቡን ሰብስቦ ጎማው ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ፎቶውን ሁላችሁም አይታችኋል። ከሥሩ የተጻፈውን «ገና ተሳቢ ትጨምራለህ!» የሚለውንም አንብባችኋል። ሹፌሩ ፎቶው ላይ የለም፤ የሚያነሳው እሱ ነው።

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና እንስጥ እንጂ! ከዕቁብ፣ ከብድርና ከአማቱ ለቃቅሞ የገዛውን መኪና፣ አንድም ቀን ተሳፍሮበት ሳያውቅ፣ በስልክ ብቻ ለመምራት መቁረጥ ቀላል ድፍረት አይደለም። ሹፌር አቀጣጠሩ ራሱ ያስቀናል። ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች መንጃ ፈቃዱ ለዚያ መኪና የሚሆን ደረጃ መሆኑን ያያሉ፤ የቀድሞ አሠሪውን ይጠይቃሉ፤ ዋስ ያስጠራሉ። አልፈው ተርፈው መኪናውን ጭነው አጠገቡ ይቀመጡና ያስነዱታል። ከመነሳቱ በፊት ዘይትና ውሃ ያያል? ጎማ መታ መታ ያደርጋል? ማርሽ የሚቀንሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው ወይስ መሀል ከገባ በኋላ ነው የሚታገለው? የኛ ሰው በዚህ ሁሉ አይደክምም። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በቢያጆ፣ ማለትም በአንድ ጉዞ፣ ስንት ትወስዳለህ?» ትንሽ የጠራው ተቀጠረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜን በጽሑፍ አድርጋችሁ እስከ 60 የሥራ ቀን ልትፈትኑት ትችላላችሁ ይላል። ምን በወጣው! የጣርማበር ቁልቁለት በአንድ ጠዋት ይፈትነው የለ?

የስኮርታ ጎማና የመኪና ማንሻው ክሪክ ርክክብ፣ የጎማዎቹን ሲሪያል ቁጥር መዝግቦ መፈራረም የሚባለውን ዝባዝንኬም «እንተማመናለን» ብሎ ይዘለዋል። ጎማ የተለወጠ ቀን ሁለቱም በየታቦቱ ስም ይማማላሉ።

የዚህ ሰው ጥበብ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ግን የነዳጅ ሂሳቡ ላይ ነው። ሻጩ «ነዳጅ አይቀምስም» ብሎታል። እሱም የዋዛ ስላልሆነ ራሱ ሊያረጋግጥ ፈለገ። ብርድ ልብስ ጭኖ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የወረደበትን ነዳጅ ለካ፣ በኪሎ ሜትር አካፈለ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈና ሕግ አደረገው። ለመልሱም ያንኑ ልክ ሰጠ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ። ብርድ ልብሱ ሲወርድ የበላውን፣ ሽንኩርትና ማሾ ከልኩ በላይ ተቆልሎበት ሲወጣም ያንኑ ይበላል ማለት ነው። ሹፌሩ ደብረ ሲና ሲደርስ አለቀብኝ ብሎ ቢደውል፣ ደብተሩ ይገለጣል፦ «ሸጠኸዋል!» ቢያስረዳው ደብተሩ እንደገና ይገለጣል። የደብተሩን ሂሳብ ትንሽ ብንገፋውማ፣ ባዶውን የወረደ መኪና ጭራሽ ነዳጅ ይዞ መመለስ ነበረበት። ጅቡቲ ድረስ ከወረደ ታንኩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ባለ መኪናውም ትርፉን የሚቸበችብበት ማደያ ይከፍታል፣ የማደያውን ሪባን ይቆርጣል፣ ፈንዲሻም ይረጫል፤ ፎቶውን ማን እንደሚያነሳ ታውቃላችሁ። ዓለም ነዳጅ ፍለጋ መሬት ይቆፍራል፤ እኛ የሚያስፈልገን ቁልቁለት ብቻ ነበር!

ሹፌሩስ ምን ያድርግ? ጉድለቱ ከቢያጆ ክፍያው ይቆረጥበታል። ስለዚህ ጣሊያን የቦረቦረውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ነቅሎ በፎሌ ይለቀዋል። ባለ መኪናውም «ሹፌር ማለት እሱ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል» እያለ ይመካበታል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ፓምፑ ነዳጅ ይዘጋል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን አያቆምም። የተረፈ ጠብታ የለም። የተበላው የፍሬን ሸራ ነው። ሸራው ጋለ፣ ሸተተ፣ መያዝ አቃተው። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የሌለበት፣ እርጥበት ሲገባው 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ መኪናውን በሞተሩ የሚይዘው ሞተር ፍሬኑስ? ሽቦው ከተበጠሰ ቆይቷል። ባለ መኪናው «ያለሱም ሄዷል» ብሎ አላስጠገነውም።

ይኼን ጊዜ ስልኩ ይጮኻል።

«ሄሎ! የት ደረስክ?»

«ጋሼ፣ ጣርማበርን እየወረድኩ ነው።»

«እስካሁን? ቶሎ በል እንጂ፣ ጫኙ ይጠብቃል!»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይደውላል። ካላነሳ አምስት ጊዜ ይደውላል፤ አምስቱንም «ክትትል» ይለዋል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቁም። ከቁልቁለቱ በታች ያለው ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ደብረ ሲና ነው። መንገዱ ከተማውን መሀል ለመሀል ይሰነጥቀዋል። አስፋልቱ ዳር ቆሎ ይዘው ለመንገደኛ የሚሯሯጡት ሴቶችና ልጆች የማንም ነዳጅ ማወራረጃ አይደሉም! መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ጎማ ሥር የሚወሸቅ ታኮ ይዞ ለመዝለል የሚዘጋጀው ረዳትም የሰው ልጅ ነው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለውን ሕግ የቆዩ ሹፌሮች ሁሉ ያውቁታል። በፎሌ የሚያስኬደው የሹፌር ድንቁርና ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳ ጋቢና ውስጥ ሳይቀመጥ ሊትር የሚቆጥር ስግብግብነት ነው።

ደግነቱ ባለ መኪናችን ይማራል። ሸራው ነዶ መኪናው አርማንያ ላይ ሲቆም ሹፌሩን አባረረ፤ ካፌ ተቀምጦም «በዚህ አገር ሰው ጠፋ» አለ። ከእሱ የረከሰ ቀጠረ። ሸራውንም አስለወጠ፤ ግን የፊት ቀኙን ብቻ፣ መካኒኩ ጥንድ ጥንዱን ነው የሚለወጠው እያለ ቢለምነውም «የግራው ገና አላለቀም» ብሎ። አሁን ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል። ለአዲሱ ሹፌር ምክሩን በስልክ ሰጥቶታል፦ «መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ያዝ አድርገው፤ ደግሞ ነዳጁን አደራ።»