ማስተካከያ፦ 1.5 እጥፍ ማለት ጣሪያ ነው

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች እጅ የሚዞር አንድ ማስታወሻ አለ። ጉዳዩ በአንድ መረብ (ቦታዎችና የሚያገናኟቸው መንገዶች) ላይ ሁሉንም ቦታ አዳርሶ ወደ መነሻው የሚመለስ አጭር ዙር በግምት የሚፈልግ የክሪስቶፊዲስ አልጎሪዝም የሚባል የስሌት ዘዴ ነው። «የክሪስቶፊዲስ አልጎሪዝም በማንኛውም መረብ ላይ ከአጭሩ ዙር 50 በመቶ የሚረዝም መንገድ ይሰጣል» ይላል። ለፈተና እንዲህ ብላችሁ እንዳትሸመድዱት።

50 በመቶው ጣሪያ ነው። ከባሕር ዳር ተነስታ ክብራን ገብርኤልን፣ ዘጌን፣ ዳጋ እስጢፋኖስንና ናርጋ ሥላሴን አዳርሳ የምትመለስ ጀልባ አጭሩ ዙሯ 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ አልጎሪዝሙ የሚያወጣላት መንገድ ከ150 አይበልጥም ማለት ነው እንጂ የግድ 150 ይሆናል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል።

«በማንኛውም መረብ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ዋስትናው የሚሠራው መሄጃውና መመለሻው እኩል ሲሆን፣ በሌላ ቦታ ዞሮ መሄድም በቀጥታ ከመሄድ የማያሳጥር ሲሆን ብቻ ነው። ጣና ላይ በኪሎ ሜትር ከለካን ችግር የለም። በጀልባ ዋጋ ከለካን ግን ተጠንቀቁ፤ ከዘጌ ዳጋ በቀጥታ ኮንትራት መያዝ በባሕር ዳር ዞሮ ከመሄድ ሊወደድ ይችላል፣ እያንዳንዱ ቦታ አንዴ ብቻ ይረገጥ ከተባለ ያኔ ዋስትናው የለም። ሳህኒና ጎንዛሌዝ በ1976 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ፒ (በፍጥነት የሚፈቱ ችግሮች) ከኤንፒ (መልሳቸው በፍጥነት የሚረጋገጥ ችግሮች) ጋር እኩል ካልሆነ በቀር ለእንዲህ ያለ ልቅ ዋጋ ቋሚ ጣሪያ ያለው ፈጣን አልጎሪዝም አይገኝም።

በዚሁ ማስታወሻ መረብን በትንሽ ቁርጥ (ጥቂት መገናኛዎችን ብቻ በመቁረጥ) ለሁለት ስለመክፈል የተጻፈው የሌይተንና የራኦ የሎግ ኤን ውጤት (የሚገኘው ቁርጥ ከምርጡ ቢበዛ በሎግ ኤን ደረጃ እጥፍ ነው፤ ኤን የቦታዎቹ ብዛት ነው) ትክክል ነው፣ ግን «ከዚህ የተሻለ የለም» የሚለው ይሰረዝ፤ አሮራ፣ ራኦና ቫዚራኒ በ2004 እ.ኤ.አ. ጣሪያውን ወደ ሎግ ኤን ስኩዌር ሩት (√(log n)) አውርደውታል።