ሚኒሞዋን ስማት

ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከመስኮቴ ሥር «ዱግ... ዱግዱግ... ዱግ» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት መሰለኝ። ቀጥሎ የገዛ ልቤን ጠረጠርኩ። ጋቢዬን ደርቤ ብወጣ ጎረቤቴ ጋሼ ዲኤክስ መኪናቸውን አስነስተው፣ ኮፈኗን ከፍተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆመዋል።

«ና! ና! ሚኒሞዋን ስማት እስቲ!»

ሚኒሞ ማለት ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። ሰማኋት። «እግዜር ይማራት» አልኩ።

ተቀየሙኝ። ለካ አልታመመችም፤ የሞተሯ ካምሻፍት በተሻሻለ ተቀይሮላት ነው።

ይኼ ነገር ከተጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሰፈሩ ሰው በየተራ እየተጠራ አዳምጧል። ባለፈው ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎኔ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን እንደደፉ፣ «ስትወጣ አሰማሃለሁ» ብለውኛል። ሰው ቡናውን ቢያቀምሰኝ «ይጣፍጣል» እላለሁ፤ ልጁን ቢያሳየኝ «ይደግ» እላለሁ። ለሞተር ድምፅ ምን ብለው ይመርቃሉ? «ያንኳኳ»?

መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በግዴታ ተምሬያለሁ። ካምሻፍት እንቁላል የመሰሉ ጉብታዎች የተደረደሩበት ዘንግ ነው። ኮሎ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል፤ ጉብታው ቫልቮላውን (የሞተሩን መተንፈሻ በር) ገፍቶ ይከፍታል፣ ሞላው መልሶ ይዘጋል። የተሻሻለ የሚባለው ቫልቮላውን ከፍ አድርጎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ያቆያል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሮጥ ደህና አድርጎ ይተነፍሳል ማለት ነው። በሚኒሞ ግን የመግቢያውና የመውጫው ቫልቮላ አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ የተቃጠለው ጭስ ወደ አዲሱ ቤንዚን እየተመለሰ ይደባለቃል። ዱግዱጉ እሱ ነው። ስለዚህ በማለዳ ተጠርቼ የማዳምጠው የሞተሩን ጉልበት ሳይሆን ያንን ጉልበት ለማግኘት የተከፈለውን ዋጋ ነው።

ጉልበቱስ የት ነው? እዚህ ጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ፣ በባጃጅ መሃል፣ ጋሼ ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡበትን ቀን አላስታውስም። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተር ያላት 1,290 ሲሲ መኪና በባሕር ወለል ላይ ከሚኖራት ጉልበት አንድ ስድስተኛውን ያህል እዚህ ታጣለች። ባለፈው እሑድ እንግዳዬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያሳዩልኝ ብዬ አብረን ወደ ጅሬን ወጣን። ዳገቱ ላይ ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ አለፈን። ከኋላው የተቀመጠች ልጅ እጇን አውለበለበችልን። ጋሼ፣ «ይቺ መኪና ለሜዳ ናት» አሉ።

አባ ጅፋርን ካነሳሁ አይቀር፤ ስሙ የፈረስ ስም ነው። የአገራችን ትልልቅ ሰዎች በፈረሳቸው ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እኔም ጋሼን በሆዴ «አባ ካም» ብያቸዋለሁ። ልዩነቱ፣ የጥንቱ ጌታ «ፈረሴ ሲተነፍስ ስሙልኝ» ብሎ ጎረቤት የሚቀሰቅስ አይመስለኝም።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ እሳቸውም እኔም ከሌሊት ጀምረን ተሰልፈናል። እኔ ለሞተር ሳይክሌ ሁለት ሊትር ለማግኘት ግማሽ ቀን ሥራ ቀርቼ አውቃለሁ። እሳቸው ያንኑ ተሰልፈው የቀዱትን ቤንዚን በመስኮቴ ሥር ቆመው ወደ ጭስነት ይለውጡታል፤ ጭሱ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚገባው ልጄ የምትተኛበት ክፍል ነው። ይኼን ሳስብ ቀልዱ ያልቅብኛል።

አያቴ አንድ ተረት ነበራት፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ለጫማ ክርም፣ ለችኩል ሠርግም፣ ዱቤ ለወሰደ ነጋዴም ይቺኑ ትል ነበር። አያቴ መኪና ውስጥ የገባችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆኖም ስለ ካምሻፍት ከጋሼ ይልቅ ታውቅ ነበር። መካኒኩ ለምኗቸዋል፤ አዲስ ካም አዲስ ታፔት (ጉብታው የሚገፋው ቁራጭ) ይፈልጋል፤ እንደተነሳ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል 2,000 ዙር ገደማ ላይ ተይዞ ይለማመድ፤ በሚኒሞ ከቆመ የሚረጨው ዘይት ያንሰዋል፣ ጉብታው ይበላል። ጋሼ፣ «የድሮው ታፔት ምን አደረገኝ?» አሉ። ሞተሩ ተነሳ። መካኒኩ ነዳጅ መስጫውን ሊረግጥ ሲል፣ «ተው! ተው! ጸጥ በሉ! ሚኒሞዋን ስሙ!» አሉ። ጋራዡ ሁሉ ጸጥ አለ። ሰማ። ሻይ ታዘዘ፤ እስኪጠጣም ተሰማ።

ዛሬ ጠዋት፣ ከዱግዱጉ ሥር፣ ቀጭን «ትክ ትክ» የምትል ነገር ሰምቻለሁ።

አልነገርኳቸውም። ያልነገርኳቸው በክሪኬ ምክንያት ነው። በ2009 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን «ለአንድ ሰዓት» ብለው የወሰዱት፣ እጀታው ላይ ቀይ ቀለም የቀባሁበት ክሪክ። ታላቅን ሰው «ዕቃዬን መልስ» ማለት ነውር ስለሆነ እስከ ዛሬ በዘዴ ሞክሬያለሁ። «ጋሼ፣ ጎማ ፈነዳብኝ» ብላቸው፣ «አይዞህ፣ ጎሚስታ አውቃለሁ» አሉኝ። «ዘንድሮ ክሪክ ተወደደ» ብላቸው፣ «ምኑ ያልተወደደ አለ!» ብለው አብረውኝ አዘኑ። አንዴማ ሚስቴ በራቸው ላይ ቡና እየጠጣች በዓይኗ አይታዋለች፤ የዶሮ ቤት መዝጊያ ደግፏል! ሁለት ቶን የሚያነሳ ክሪክ ዶሮ ይጠብቃል።

ስለ ምን ነበር የጀመርኩት? ስለ ድምፁ። ይኸው ደግሞ አስነሷት፤ ጡሩምባም እየነፉ ነው። ትክ ትኩ ከጠዋቱ ጨምሯል፤ አሁን ለማንም ይሰማል፣ ከባለቤቱ በስተቀር።

መጣሁ ጋሼ! ዛሬ ክሪኬን ካነሱልኝ እነግራቸዋለሁ።